በወሊድ ላይ ለደረሰ ሞት አዋላጅ ነርስ በወንጀል ትጠየቃለች?

ጥያቄ፦ በአንድ የክልል ሆስፒታል አዋላጅ ነርስ ነኝ። የሌሊት ተረኛ ሳለሁ አንዲት እናት ከወለደች በኋላ ብዙ ደም ፈስሷት ሕይወቷ አለፈ። ተረኛውን ሐኪም በስልክ ጠርቼ ነበር፤ ደም ግን በጊዜው አልተገኘም። ቤተሰቧ ለፖሊስ አመልክቶ ቃል እንድሰጥ ተጠርቻለሁ። ልታሰር እችላለሁ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂ፣ ታካሚ በእጅዎ ላይ ማለፏ ብቻውን ወንጀል አይሆንም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 59 ቸልተኝነት የሚለው፣ ጉዳቱ ሊደርስ እንደሚችል እየገመቱ በግዴለሽነት አይደርስም ብሎ መሥራትን ወይም ማወቅ ሲገባና ሲቻል ሳያውቁ መሥራትን ሲሆን፣ ይህም የሚመዘነው የአድራጊውን ዕድሜ፣ ልምድ፣ ትምህርትና የሥራ ደረጃ በማየት ስለሆነ፣ አዋላጅ ነርስ ከስፔሻሊስት ሐኪም በሚጠበቀው ልክ አትመዘንም። አንቀጽ 69 ደግሞ በሙያው ተቀባይነት ያለውን አሠራር ተከትሎ የሠራና ከባድ የሙያ ጥፋት ያልፈጸመ ባለሙያ እንደማይቀጣ ይደነግጋል። ዐቃቤ ሕግ ጥፋቱን ብቻ ሳይሆን፣ እናቲቱ የሞተችው በዚያው ጥፋት እንጂ በደም እጥረት አለመሆኑንም ማስረዳት አለበት፤ በእርስዎ ጉዳይ ክርክሩ የሚጠነክረው እዚህ ላይ ይመስለኛል።

ክስ ቢመሠረት የሚጠቀሰው አንቀጽ 543 ነው። የሌላውን ሕይወት ወይም ጤና የመጠበቅ የሙያ ግዴታ ያለበት ሰው በንዑስ አንቀጽ 2 መሠረት ከ1 እስከ 5 ዓመት ቀላል እስራትና መቀጮ ይጠብቀዋል። ከዚህ ይልቅ የሚያሳስበኝ ንዑስ አንቀጽ 3 ነው፤ ግልጽ ደንብ ወይም መመሪያ ተጥሷል ከተባለ ቅጣቱ ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ይደርሳል፣ ሰው የሞተበት ጉዳይ በመሆኑም የዋስትናው ጥያቄ ይከብዳል። የሕክምና መመሪያ ሁሉ በዚህ አንቀጽ የተባለው ዓይነት መመሪያ ነው የሚለውን አቋም አልቀበልም፤ ጠበቃዎም ከመጀመሪያው ቀጠሮ ጀምሮ ሊቃወመው ይገባል።

የጤና ባለሙያዎችን የሙያ ጥፋት የሚመረምረው የሥነ ምግባር ኮሚቴ የሚሰጠው አስተያየት ለፍርድ ቤቱ ጠቃሚ የባለሙያ ማስረጃ ይሆናል እንጂ አያስገድደውም። በወንጀል ነፃ መባልም የካሳ ክስን አይዘጋም፤ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2149 ይህንን በግልጽ ያስቀምጣል።

ፖሊስ ዘንድ ሲቀርቡ ያለመናገር መብት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 ተጠብቆልዎታል፤ ቢያዙም በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለብዎት። ከጠበቃ ጋር ሳይነጋገሩ ቃል አይስጡ። የእናቲቱን ካርድ በምንም ምክንያት አይንኩ፤ የደም ግፊቱ ያልተመዘገበበት ሰዓት ቢኖር እንኳ ኋላ መጥቶ መሙላት ሌላ ወንጀል ከመሆኑም በላይ የቀረውን እውነተኛ መዝገብ ሁሉ ያስጠረጥራል። ይልቅ ሐኪሙን የጠሩበት ሰዓት የሚታይበትን የስልክ ጥሪ ዝርዝር ሳይጠፋ ይያዙ፣ የደም ጥያቄ ቅጹንና የርክክብ መዝገቡን ቅጂ ደግሞ ከሆስፒታሉ አስተዳደር በጽሑፍ ይጠይቁ።