የሞራል ፍልስፍና ጥያቄና መልስ፦ ካንት፣ ቤንታም፣ አርስቶትልና የተበላው ዕቁብ

አስተናጋጅ፦ ዛሬ ጥያቄ የሚመልሱልን የሞራል ፍልስፍና መምህር ናቸው። ከመጠየቃችሁ በፊት ከላይ የተመለሰውን አንብቡ። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

መምህር፦ አንድ ማሳሰቢያ አስቀድሜ ልስጥ። የቲዎሪ ስም ከመጥራታችሁ በፊት ጉዳዩን በትክክል ጻፉ፦ ማን፣ በማን ላይ፣ ምን አደረገ፣ ለምን ዓላማ፣ ሌላ ምን አማራጭ እያለው። ተማሪ የሚሳሳተው አብዛኛውን ጊዜ ቲዎሪው ከብዶት አይደለም፤ ጉዳዩን አድበስብሶ ስለሚጽፍ ነው።

ፍሬሽማን፦ ሰላም መምህር። ሞራል ምንድን ነው? በሰፊው ቢያብራሩልን።

መምህር፦ በዚህ መልኩ ሲጠየቅ ሦስት ጥያቄ ነው። "ይህን ላድርግ ወይስ ልተው?" ካልክ የተግባር ሥነ ምግባር ነው። "በምን መመዘኛ?" ካልክ ቲዎሪዎቹ የሚገቡበት ኖርማቲቭ ክፍል ነው። "አንድ ነገር ልክ ነው ስንል ምን ማለታችን ነው? እውነት ወይም ሐሰትስ ሊሆን ይችላል?" ካልክ ሜታኤቲክስ ነው። አንዱን መርጠህ ተመለስ።

ቀለም ቀንድ፦ ሦስቱ ዋና ቲዎሪዎች፣ ማለትም የካንት ግዴታ፣ የቤንታም ውጤት ተኮርነትና የአርስቶትል በጎነት፣ በአንድ ጉዳይ ላይ ሲለያዩ ቢያሳዩን? ሃንድአውታችን ላይ ትርጉማቸው እንጂ ሲሠሩ አይታዩም።

መምህር፦ ይህ ጥያቄ ነው። ዕቁብ እንውሰድ። ሃያ ሰው፣ በወር 5,000 ብር፣ ዕጣው 100,000። አንዱ ገና ሲገባ ዕጣ እንደወጣለት መጣሉን ሊያቆም አስቧል። በመጀመሪያው ወር ወጣለት፣ ጠፋ። የጣለው 5,000 ነው፤ 95,000 የሰው ገንዘብ ይዟል።

ጀርመናዊው ፈላስፋ ካንት በ1785 ባሳተመው መጽሐፍ ያቀረበው ፈተና እንዲህ ይሄዳል። መጀመሪያ ማክሲሙን ጻፉ። ማክሲም ሰውዬው ለራሱ ያወጣው ደንብ ነው፤ ሁኔታ፣ ድርጊትና ዓላማ አለው፦ "ገንዘብ ሲቸግረኝ፣ ገንዘብ ለማግኘት፣ እስከ መጨረሻው እጥላለሁ ብዬ ቃል ገብቼ ዕቁብ እገባለሁ፤ ዕጣው ሲደርሰኝ አቆማለሁ።" ቀጥሎ ይህን ደንብ የቸገረው ሰው ሁሉ የሚመራበት፣ ሁሉም የሚያውቀው ሕግ አድርጉት። ከዚያ ጠይቁ፦ ሰውዬው በዚያ ዓለም ውስጥ ዕቅዱን ሊፈጽም ይችላል? አይችልም። ዕጣ የወጣለት እንደሚጠፋ እየታወቀ ገንዘቡን የሚጥል የለም፣ ዋስ የሚሆን የለም፤ ስለዚህ የሚበላ ዕቁብም የለም። ዕቅዱ የሚሠራው ሌሎቹ አሥራ ዘጠኙ ቃላቸውን እስከጠበቁለት ድረስ ብቻ ነው። ካንት የሚከሰው ይህን ነው፤ ሌላው እንዲገዛለት ከሚፈልገው ደንብ ራሱን ማውጣቱን።

አሁን ደግሞ ማስጠንቀቂያ። "ሁሉም ቢያደርገው አገር ይጠፋል፣ ስለዚህ መጥፎ ነው" የምትሉት ካንት አይደለም። እሱ ውጤት መቁጠር ነው። ካንት የሚለው ዕቅዱ ራሱን በራሱ ያፈርሳል ነው፤ ይህ የጽንሰ ሐሳብ ተቃርኖ ይባላል። ሌላም አለ፣ የፈቃድ ተቃርኖ። "የተቸገረ ሰው አልረዳም" የሚለው ደንብ ሕግ ቢሆን ዓለሙ አይፈርስም፤ ግን ያለ ሰው እርዳታ ዓላማውን ሁሉ የሚፈጽም ስለሌለ ማንም ያንን ዓለም ሊፈቅደው አይችልም። በመጀመሪያው የሚወድቅ ነገር በፍጹም የተከለከለ ነው። ከሁለተኛው የሚወጣው ግዴታ ግን ለማን፣ መቼ፣ ምን ያህል የሚለውን ለአንተ ይተዋል።

ውጤት ተኮሩ ሌላ መዝገብ ይከፍታል፦ የመጨረሻው ባለ ዕጣ በብሩ ምን ሊያደርግ ነበር? ዋሱ ከፈለ? ዕቁቡ ፈረሰ? የጠፋው ሰውዬ በብሩ ምን ሠራ? የእሱ ጥቅም ከጉዳቱ ሁሉ ከበለጠ ስሌቱ "ይብላ" ሊል ይችላል፤ ተቃዋሚዎቹም የሚይዙት በዚህ ነው። አርስቶትል ደግሞ ምን ዓይነት ሰው እንዲህ ያደርጋል ብሎ ይነሣል። ከድርሻ በላይ መፈለግን በኒቆማኪያ ሥነ ምግባር አምስተኛ መጽሐፍ ላይ የፍትሕ ተቃራኒ አድርጎ ያነሣዋል።

አዋሽ ማዶ፦ ማክሲሙን ባጠበውስ? "ማክሰኞ ቀን፣ መርካቶ፣ ሃያ ሰው ካለበት ዕቁብ" ብዬ ብጽፍ ማንም አይደግመውም፤ ያልፋል።

መምህር፦ ጥሩ ተቃውሞ ነው፣ መልስም አለው። እያንዳንዱን ዝርዝር እያወጣህ "ይህ ባይኖር ያደርገው ነበር?" ብለህ ጠይቅ። ረቡዕ ቢሆን ይበላው ነበር? አዎ። እንግዲያው ማክሰኞን ሰርዝ። ፒያሳ ቢሆንስ? ይበላው ነበር። መርካቶንም ሰርዝ። ገንዘብ ባያስፈልገውስ? አይበላም ነበር፤ እሱ ይቆያል። የሚቀረው እውነተኛው ማክሲም ነው። ማክሲም የሚገኘው ሰውዬውን ካንቀሳቀሰው ምክንያት ነው፤ ለመከራከር እንዲመች አይሰፋም።

በተቃራኒው በኩልም ይሳሳታሉ። "መንገዱ ባዶ ስለሆነ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እጓዛለሁ" የሚል ሰው አለ። ሁሉም በዚያ ሰዓት ቢወጣ መንገዱ ይሞላል፤ ዕቅዱ ከሸፈ፣ ስለዚህ ሰውዬው ኃጢአተኛ ነው? አይደለም። ማክሲሙ "መንገድ ባዶ በሚሆንበት ሰዓት እጓዛለሁ" ነው፤ ሁሉም ቢከተለው ሰው በየሰዓቱ ይበታተናል እንጂ ተቃርኖ የለም። ሰዓቱ በመሰረዣው ፈተና ይወድቃል።

ሌላ ጠያቂ፦ ከሦስቱ የትኛው ነው ትክክል?

መምህር፦ ለየትኛው ጉዳይ? ጉዳዩን ጻፍ።

የማታ ተማሪ፦ ቤንታም "ለብዙኃኑ የላቀ ደስታ" ይላል። ሲሰላ እንዴት ነው?

መምህር፦ ያ ሐረግ እንዳለ ሊሰላ አይችልም፣ ሁለት ነገር በአንዴ ስለሚጠይቅ። ቁጥሩን ለምሳሌ ያህል ውሰድ፦ አንዱ አማራጭ ለአሥር ሰው ለእያንዳንዱ 5 ይሰጣል፣ ድምሩ 50። ሌላው ለስድስት ሰው 10፣ ድምሩ 60። ብዙ ሰው የሚጠቀመው በመጀመሪያው ነው፤ ብዙ ደስታ ያለው በሁለተኛው። ዩቲሊታሪያን፣ ማለትም የቤንታም ወገን ውጤት ተኮር፣ የሚከተለው ድምሩን ነው። ቤንታም በ1789 ባሳተመው ሥራው ሰባት መለኪያ አስቀምጧል፦ ብርታት፣ ቆይታ፣ እርግጠኝነት፣ ቅርበት፣ ሌላ ደስታ የመውለድ አቅም፣ ከሥቃይ የጠራ መሆን፣ የሚነካቸው ሰዎች ብዛት። በፈተና ላይ የሚረሳው "ምንም አለማድረግ" አንድ አማራጭ ሆኖ ራሱን ችሎ መሰላት እንዳለበት ነው።

የአክሱም ልጅ፦ ስለ ካንት ይህን ያህል ከተባለ፣ ከካንት በፊት የነበረው፣ ሐተታ የሚባለው የፍልስፍና መጽሐፍ ባለቤት ዘርአ ያዕቆብስ ለምን ይረሳል?

ሰነድ ፈታሽ፦ ወንድሜ፣ እሱ እኮ አከራካሪ ነው። ሐተታውን ወደ ፓሪስ ለብራና ሰብሳቢው አንቷን ዳባዲ የላከው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ኢትዮጵያ የነበረው የካቶሊክ ካፑቺን ማኅበር ሚሲዮናዊ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ ነው። በ1920 ጣሊያናዊው የኢትዮጵያ ጥናት ሊቅ ኮንቲ ሮሲኒ ደራሲው ራሱ ጁስቶ ነው ብሎ ጽፏል።

የአክሱም ልጅ፦ የፍልስፍና መምህሩ ክላውድ ሳምነር አዲስ አበባ ተቀምጦ ስንት ዓመት የደከመበትን ሥራ አንብበሃል? የጽሑፉን ትክክለኛነት ተከላክሏል።

ሰነድ ፈታሽ፦ አንብቤዋለሁ። መከላከል ማለት ክርክሩ ተዘጋ ማለት አይደለም። የሳምነርን ክብር አልነካሁም።

የአክሱም ልጅ፦ ሐበሻ ማሰብ አይችልም ለሚሉት በር እየከፈትክ ነው።

መምህር፦ ይብቃ። የብራና ክርክር ለብራና ባለሙያ ይተው። ማን ጻፈው የሚለውና መከራከሪያው ያስኬዳል ወይ የሚለው ይለያያሉ። መከራከሪያው ይህ ነው፦ ፈጣሪ ለሰው ሁሉ የልቡና ብርሃን ሰጥቷል፤ ሰዎች ያወጡት ሥርዓት በዚያ ብርሃን ይመረመራል። ሰውን እንደ እንስሳ መሸጥንና ምንኩስናን ከጋብቻ ማስበለጥን በዚህ መዝኖ ይነቅፋል። ይህ የተፈጥሮ ሕግ ቤተሰብ ነው፣ ልክና ስሕተት ከተፈጥሮ ሥርዓት በልቡና ይታወቃል የሚለው፤ "የኢትዮጵያ ካንት" የምትሉት ልክ አይደለም። ካንት ግዴታን ከተፈጥሮ ሥርዓት አያወጣም።

ብርሃን፦ መምህር፣ ያለ ሃይማኖት ሥነ ምግባር ሊኖር ይችላል?

መምህር፦ ጥያቄው ኢዩቲፍሮ በተባለው የፕላቶ ድርሰት ላይ አለ፦ መልካሙ መልካም የሆነው ስለታዘዘ ነው ወይስ መልካም ስለሆነ ታዘዘ? በእስልምና ሊቃውንት ዘንድ ሙዕተዚላና አሽዓሪያ የተባሉ ወገኖች በዚሁ ተከራክረዋል። "መልካም ስለሆነ ታዘዘ" የሚለውን የያዘ አማኝ እምነቱን አልተወም። ከዚህ በላይ እዚህ አልገባም፣ ወዴት እንደሚሄድ ይታወቃል።

አዲስ ገቢ፦ መምህር፣ ትክክለኛው ቲዎሪ የቱ ነው?

መምህር፦ ከላይ ተጠይቋል። ጉዳይ ያልቀረበለት ቲዎሪ አይፈረድበትም። አንብቡ።

ቀለም ቀንድ፦ ገዳይ ጓደኛዬን ፈልጎ በሬን ቢያንኳኳ፣ ካንት አትዋሽ ይላል ይባላል። እውነት ነው?

መምህር፦ አዎ፣ በ1797 ለጸሐፊው ቤንጃሚን ኮንስታንት በጻፈው መልስ ላይ ብሏል። ነገር ግን ሁለት ነገር ለዩ። አትዋሽ አለ እንጂ ተናገር አላለም፤ ዝም ማለት፣ በር መዝጋት፣ ሰው መጥራት ይቻላል። ደግሞም የካንት ፍርድና የካንት ፈተና አንድ ላይሆኑ ይችላሉ። ፈላስፋዋ ክሪስቲን ኮርስጋርድ በ1986 እንዳሳየችው "የገዳይን ዕቅድ ለማክሸፍ እዋሻለሁ" የሚለው ማክሲም ሕግ ቢሆንም ይሠራል፤ ገዳዩ ዓላማውን ደብቆ ስለሚመጣ፣ የሚያናግረው ሰው እንዳላወቀበት ያስባል፣ ውሸቱንም ያምናል። አጥብቆ የሚከለክለው የካንት ሌላው ቀመር ነው፣ ሰውን እንደ መሣሪያ ብቻ አትጠቀም የሚለው። ይህንንም ስትጽፉ "ብቻ"ን አትጣሉ፤ ታክሲ የተሳፈረ ሁሉ ሾፌሩን እንደ መሣሪያ ይጠቀማል፣ ሒሳቡን እስከከፈለና ሾፌሩ ወዶ እስከሠራ ድረስ ጥፋት የለበትም።

ሀዲድ፦ ትሮሊውስ? ፍሬን የሌለው ባቡር አምስት ሰው ሊገድል ሲሄድ፣ አንድ ሰው ወዳለበት ሀዲድ ይዙር? አምስት ሰው ይሙት ወይስ አንድ?

መምህር፦ ፈላስፋዋ ፊሊፓ ፉት በ1967 ያመጣችው ስለ ፅንስ ማስወረድና ስለ ድርብ ውጤት መርህ (ታስቦ የተደረገ ጉዳትና ሳይታሰብ ግን እየታወቀ የሚደርስ ጉዳት ይለያያሉ ስለሚለው) ስትጽፍ ነው። ድምፅ መስጫ አይደለም። በመግደልና በመተው መካከል ያለውን ልዩነት ካልጠየቅህ አትጠቀምበት።

ከዱባይ፦ መምህር እንደምን አሉ። ከደሞዜ የተረፈችኝን ለእናቴ ቤት ማደሻ ልላክ ወይስ ለማላውቃቸው ለተራቡ? አንድ ፈላስፋ ርቀት ምክንያት አይሆንም ብሏል ሲባል ሰምቼ ልቤ ተከፈለ።

መምህር፦ እህቴ፣ ጉዳዩን በትክክል ስለጻፍሽ አመሰግናለሁ። የሰማሽው ፒተር ሲንገር በ1972 የጻፈው ነው፤ የምሥራቅ ቤንጋል (የዛሬዋ ባንግላዴሽ) ረሃብተኞችን ይዞ ተነሣ። ተመጣጣኝ ዋጋ ያለው ነገር ሳናጣ ክፉን መከላከል ከቻልን መከላከል አለብን ይላል። በእሱ ሚዛን ወሳኙ የቤቱ እድሳት ምንነት ነው። ጣሪያው እያፈሰሰ ከሆነ አንድ ነገር ነው፤ ሴራሚክ ለመቀየር ከሆነ የተራበው ይቀድማል። ፈላስፋው ዴቪድ ሮስ ግን በ1930 በዘረዘራቸው ግዴታዎች ውስጥ ውለታ መመለስና ቃል መጠበቅ አሉ፤ እነዚህን ደስታ በመደመር ብቻ መሻር አይቻልም ይላል። ለእናትሽ ቃል ገብተሽላቸዋል? ከገባሽ ሚዛኑ ይለወጣል። በካንት በኩልም ለተራበው ያለሽ ግዴታ ምርጫ የሚተውልሽ ዓይነት ነው፤ ለእናትሽ በመላክሽ አልጣስሽውም። ለማንም እንግዳ ሰው ፈጽሞ አልሰጥም ብለሽ ብትወስኚ ግን ጣስሽው።

ከዱባይ፦ ቃል አልገባሁላቸውም፤ ጣሪያው ግን ያፈሳል።

መምህር፦ እንግዲያው ጣሪያውን አሠሪ። ሦስቱም አይቃወሙሽም።

ፍሬሽማን፦ ተመለስኩ። ኖርማቲቩን መረጥኩ። አርስቶትል በጎነት አማካይ ነው ካለ፣ ትንሽ መስረቅስ?

መምህር፦ አሁን ይመለሳል። አማካይ ሲል በቁጥር መሐል ማለቱ አይደለም። አሠልጣኙ ለስፖርተኛው አሥር ምና (የጥንት ግሪክ ክብደት መለኪያ) ምግብ ቢበዛ፣ ሁለት ቢያንስ፣ ስድስት ይስጥ ማለት አይደለም ይላል፤ ለትግል ስፖርተኛው ሚሎን ያንሰዋል፣ ለጀማሪው ይበዛበታል። ስለ ስርቆትም እዚያው በኒቆማኪያ ሥነ ምግባር ሁለተኛ መጽሐፍ ላይ መልሷል፦ ስርቆት፣ ዝሙትና ግድያ በስማቸው መጥፎነትን ስለያዙ አማካይ የላቸውም።

አዋሽ ማዶ፦ መምህር፣ አንድ ማክሲም ሞክሬያለሁ፦ "ፈተና ሲከብደኝ፣ ውጤት ለማግኘት፣ መምህሩ ዞር ሲል ከጎኔ ካለው ልጅ እኮርጃለሁ።"

መምህር፦ "ከጎኔ ካለው" የሚለውን ሰርዝ፤ ከፊትህ ካለውም ትኮርጅ ነበር። "መምህሩ ዞር ሲል" ይቆይ፣ ባይዞር አታደርገውም። "ውጤት ለማግኘት" ያልከው ቦታው ላይ ነው። አሁን ሕግ አድርገውና በዚያ ዓለም ውጤት የሚባለው ነገር ስለ ተማሪው ምን እንደሚናገር ጻፍልኝ።