አብረው የሚኖሩ ሁሉ ይጠቃቀማሉ? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ከጅማ ከተማና ከአካባቢው ወረዳዎች ከደረሱን ጥያቄዎች ሕያዋን ነገሮች እርስ በርስ ያላቸውን ግንኙነት የሚመለከቱትን መርጠናል።

ጥያቄ፦ ሲምባዮሲስ በሦስት እንደሚከፈል ተምረናል። ጥገኛ ትል ያለበት ሰው ከትሉ ጋር «አብሮ ይኖራል» ይባላል? ከብት ጀርባ ላይ የምታርፈው ወፍስ ከየትኛው ትመደባለች? (ተማሪ፣ ጅማ ከተማ)

መልስ፦ አዎ፣ ይባላል። ጀርመናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ አንቶን ደ ባሪ እ.ኤ.አ. በ1879 ሲምባዮሲስን ያብራራው ዓይነታቸው የተለያየ ሕያዋን አብረው መኖራቸው ብሎ ነው፤ ማን ይጠቀም፣ ማን ይጎዳ አልለየም። ክፍፍሉ የመጣው ከጥቅምና ጉዳቱ ነው። በላም ጨጓራ ውስጥ ያሉት ረቂቅ ተሕዋስያን ገለባውን ይፈጩላታል፣ እሷም ምግብና ሙቀት ትሰጣቸዋለች፤ ሁለቱም ስለሚጠቀሙ ሚዩቹዋሊዝም ነው። ኮሶ ትል ከሰው አንጀት ምግብ ይወስዳል እንጂ የሚመልሰው የለም፤ ይህ ፓራሲቲዝም ነው። ከብት ሲግጥ ከእግሩ ሥር የሚነሱትን ነፍሳት የምትለቅመው ነጭ ወፍ ትጠቀማለች፣ ከብቱ ግን አይጎዳም፣ ይህ ነው የሚባል ጥቅምም አያገኝም፤ ኮሜንሳሊዝም ይሉታል።

ቆዳው ላይ ተጣብቃ መዥገር የምትለቅመው ወፍ ግን እንደ ነጯ ቀላል አይደለችም። መዥገር ትበላለች፤ ቁስልም እየቆፈረች ደም ትጠጣለች። ዚምባብዌ ውስጥ በከብቶች ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመ ጥናት ወፎቹ መኖራቸው የመዥገሩን ብዛት ይህን ያህል እንዳልቀነሰ፣ ቁስሉም ቶሎ እንዳይድን እንዳደረገ አሳይቷል። ስለዚህ በፈተና ላይ ሚዩቹዋሊዝም ብለሽ ብትጽፊ የብዙ መጻሕፍትን መልስ ሰጥተሻል፤ ትክክለኛው ግን በመዥገሩ ብዛትና በቁስሉ ሁኔታ ይለዋወጣል።

ጥያቄ፦ የቡናዬ ግንድ ግራጫ ሽበት ለብሷል። ጥላ ዛፉ ላይ ደግሞ ተቀጽላ ወጥቷል። ሽበቱን በቢላ እየፋቅኩ ነው፤ ልቀጥል? (ቡና አምራች፣ ማና)

መልስ፦ መፋቁን ይተዉት፣ ጉልበትዎን ለተቀጽላው ያውሉት። ሽበቱ ሊከን ይባላል። በውስጡ ሻጋታና አልጌ አብረው ይኖራሉ፤ አልጌው ከብርሃን ስኳር ይሠራል፣ ሻጋታው እርጥበት ይይዝለታል፣ ማረፊያም ይሆነዋል። ከቡናው የሚወስዱት ምግብ የለም፤ ቅርፊቱ መቆሚያቸው ብቻ ነው። በቢላ ሲፋቅ ግን ቅርፊቱ ይቆስላል፣ ቁስሉም ለበሽታ በር ይከፍታል። ሊከን ያረጀና እድገቱ የዘገየ ቅርንጫፍ ላይ ስለሚበዛ ብዙዎች የድካሙ ምክንያት እሱ ይመስላቸዋል። ቡናው ካረጀ መፍትሔው ከለቀማ በኋላ ጉንደላ ነው፦ ከመሬት ከ30 እስከ 40 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ፣ ውኃ እንዳያቁር አጋድሎ በመቁረጥ፣ ከሚያቆጠቁጡት 2 ወይም 3 ጠንካራ ቀንበጦችን ብቻ ማስቀረት።

ተቀጽላ ሌላ ነው። ወፍ ፍሬውን በልታ የሚያጣብቀውን ዘር ቅርንጫፍ ላይ ትተዋለች፤ ዘሩ በቅሎ ሥሩን እስከ እንጨቱ ድረስ ሰዶ የዛፉን ውኃና ማዕድን ይስባል። ቅጠሉ አረንጓዴ ስለሆነ ስኳሩን ራሱ ይሠራል፤ ውኃው ግን የዛፉ ነው፤ በበጋ ዛፉን የሚያጎሳቁለውም ለዚህ ነው። በእጅ ቢነቅሉት ውስጥ የቀረው ሥር መልሶ ያቆጠቁጣል። ፍሬው ሳይበስል፣ ተቀጽላው ከተጣበቀበት ቦታ ወደ ግንዱ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ወርደው ቅርንጫፉን ይቁረጡት። ዋናው ግንድ ላይ ከሆነ ከሥር እየላጩ ደጋግሞ መቁረጥ ነው፤ ቅጠል ካላገኘ እየደከመ ይሄዳል።

ጥያቄ፦ ቡናዬ ላይ ጉንዳን በዝቷል፣ ቅጠሉም ጥላሸት መስሏል። ጉንዳኑ ነው የሚያጠቁረው? (ጎማ)

መልስ፦ ጉንዳኑ ጠባቂ ነው። ቅጠሉን ገልብጠው ጀርባውን፣ በተለይ መሐል ጅማቱን ይመልከቱ፤ ጠፍጣፋ አረንጓዴ ወይም ነጭ ጥጥ የመሰሉ ተጣባቂ ነፍሳት ያገኛሉ። የቡናውን ፈሳሽ ይመጥጣሉ፣ ትርፉን ጣፋጭ አድርገው ያስወጣሉ። ጉንዳኑ ጣፋጩን ይልሳል፣ በምላሹም ነጠብጣብ ያላትን ጥንዚዛና ሌሎች ጠላቶቻቸውን ያባርርላቸዋል። በተረፈው ጣፋጭ ላይ ጥቁር ሻጋታ ይበቅልና ብርሃን ይጋርዳል። በሁለቱ መካከል ፍጹም መጠቃቀም አለ፤ ከሳሪው ሦስተኛው፣ ቡናው ነው።

ስለዚህ ጥበቃውን ያንሱ። መሬት የሚነኩትንና ከአረም ወይም ከጎረቤት ዛፍ ጋር የተገናኙትን ቅርንጫፎች ይግረዙ፤ አንድ ድልድይ ከቀረ ሥራው ከንቱ ነው። ግንዱን 10 ሳንቲ ሜትር ስፋት ባለው ፕላስቲክ ጠቅልለው ግሪስ ይቀቡት። ግሪሱ ከፕላስቲኩ ላይ እንጂ ከቅርፊቱ ላይ አይሁን፣ ይጎዳዋልና። ተጣባቂዎቹ ከበዙ 10 ግራም ደረቅ ሳሙና በ1 ሊትር ውኃ ሟሙቶ፣ መጀመሪያ ጥቂት ቅጠል ላይ ተሞክሮ፣ ፀሐይ ስትበርድ የቅጠሉ ጀርባ ላይ ይረጭ። የልብስ ዱቄት ሳሙና ቅጠል ስለሚያቃጥል አይሆንም። ሁሉን የሚገድል ፀረ ተባይ ጥንዚዛዋንም ስለሚጨርስ ተባዩ ሲመለስ በርትቶ ነው፤ አበባ ላይ ከተረጨ ደግሞ ንቡ ያልቃል።

ጥያቄ፦ ሾላ ስከፍት ትንንሽ ነፍሳት አገኛለሁ። ተበላሽቷል ማለት ነው? (ሰኮሩ)

መልስ፦ አይደለም። እነዚያ ጥቃቅን ተርቦች አበባውን የሚያዳቅሉ ናቸው፤ የሾላ አበባ የሚገኘው በፍሬው ውስጥ ነው። ሴቷ ብናኝ ይዛ በጠባቡ ቀዳዳ ትገባለች፣ ከፊሉ አበባ ውስጥ እንቁላል ትጥላለች፣ ሌላው ዘር ይሆናል። ያለ ተርቧ ሾላው ዘር አይኖረውም፤ ያለ ሾላውም ተርቧ አትራባም።

ጥያቄ፦ አኩሪ አተር ዘርቼ ሥሩ ላይ ምንም እብጠት አላየሁም። ሕያው ማዳበሪያ ተጠቅሜያለሁ። ምን አጠፋሁ? (ከርሳ)

መልስ፦ እብጠቶቹ በሕያው ማዳበሪያው ዱቄት ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ቤት ናቸው፤ ተክሉ ስኳር ይሰጣቸዋል፣ እነሱ ከአየር ናይትሮጅን ይሰጡታል። መጀመሪያ አወጣጡን ያረጋግጡ፦ ሲያብብ ጥቂት ተክሎችን ከነአፈሩ በአካፋ ቆፍረው ያውጡ። በእጅ ከተነቀለ እብጠቱ መሬት ውስጥ ይቀራል። የተገኘውን ይሰንጥቁት፤ ውስጡ ቀላ ካለ ይሠራል፣ ነጭ ወይም አረንጓዴ ከሆነ አይሠራም።

በእርግጥ ከሌለ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ ከእነዚህ አንዱ ነው። ባክቴሪያው ሕያው ስለሆነ ፀሐይና ሙቀት ይገድለዋል፤ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር የከረመ ፓኬት ዋጋ የለውም። ለባቄላ የተዘጋጀው ለአኩሪ አተር አይሠራም። ዩሪያ ከበዛ ተክሉ ናይትሮጅኑን በቀላሉ ስለሚያገኝ ባክቴሪያውን አያስተናግድም። በአካባቢያችን የተለመደው አሲዳማ ቀይ አፈርም ያዳክመዋል፤ አፈሩን አስመርምረው በውጤቱ መጠን ኖራ ይጨምሩ።

በሚቀጥለው ጊዜ ዘሩን በጥላ ሥር፣ ጥቂት ስኳር በሟሟበት ውኃ እንዲረጥብ ብቻ አድርገው ሕያው ማዳበሪያውን ይለውሱት፤ መጠኑ ፓኬቱ ላይ ተጽፏል፣ ለ1 ሄክታር በአብዛኛው 500 ግራም ነው። ዘሩ ሁሉ ጥቁር ዱቄቱን ሲለብስ ጥላ ውስጥ ትንሽ አናፍሰው በዚያው ቀን እርጥብ አፈር ላይ ይዝሩ፣ ወዲያው አፈር ያልብሱ። ፀረ ፈንገስ ከተቀባ ዘር ጋር አይቀላቅሉት፤ ማሳውም ውስጥ አንድ መስመር ያለ ሕያው ማዳበሪያ ቢዘሩ ልዩነቱን በቅጠሉ አረንጓዴነት ያዩታል።