የሕግ ምክር፦ አራቱ ፎቶዎች የት ሄዱ?

ጥያቄ፦ «በትራንዚት ባረፍኩበት ኤርፖርት የፍተሻ ሰልፍ ላይ ቆሜ፣ ለቤተሰብ ልልክ ብዬ አራት ፎቶ አነሳሁ። አንድ የጥበቃ ሠራተኛ መጥቶ ስልኬን ተቀበለኝ። ቢሮ አስገብተው ብዙ ሰዓት ሲጠይቁኝ ቆዩ። ስልኬ ላይ ምንም አላገኙም። ወረቀት አስፈርመው ለቀቁኝ፤ በረራዬ ግን አመለጠኝ። ፎቶ ማንሳት ወንጀል ነው እንዴ? ካሳ መጠየቅስ እችላለሁ? በነገራችን ላይ በሚቀጥለው ወር ስመለስም የማልፈው በዚያው ኤርፖርት ነው።»

መልስ፦ ደብዳቤዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ሳነበው አዘንኩልዎ። ሁለተኛው ላይ ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። ላይ ላይ «አራት ፎቶ አነሳሁ» ይላሉ። ዝቅ ብለው ደግሞ «ስልኬ ላይ ምንም አላገኙም» ይላሉ። ታዲያ አራቱ ፎቶዎች የት ሄዱ?

እሱን ቆይቼ እመለስበታለሁ። መጀመሪያ የጠየቁኝን ላንሳ።

ፎቶ ማንሳት ወንጀል ነው ወይ? እንደ አገሩ ነው። እርስዎ ደግሞ የአገሩን ስም አልጻፉልኝም። የት እንደሚያመው ሳይናገር መድኃኒት እዘዝልኝ የሚል ታካሚ ሆኑብኝ። አሜሪካ ቢሆን፣ ኤርፖርት የሚፈትሸው ቲ.ኤስ.ኤ. የተባለው መሥሪያ ቤት ፍተሻውን እስካላወኩና የመሣሪያዎቹን ስክሪን እስካላነሱ ድረስ ፎቶ አይከለክልም። ሌላ አገር ግን ያው ፎቶ እስር ቤት ያስገባል። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2001 ግሪክ ውስጥ፣ ካላማታ ላይ 12 እንግሊዛውያንና 2 ሆላንዳውያን በስለላ ተጠርጥረው ተያዙ። ሰዎቹ አውሮፕላን ማየትና ቁጥሩን መመዝገብ የሚወዱ ናቸው፤ ትርፍ ጊዜያቸውን የሚያሳልፉት በዚህ ነው። ከአንድ ወር በላይ ታሰሩ። በማግሥቱ ዓመት ኤፕሪል ላይ ሁሉም ጥፋተኛ ተባሉ፤ ስምንቱ ሦስት ሦስት ዓመት ተፈረደባቸው። በኖቬምበር 2002 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በነጻ አሰናበታቸው። በነጻ መሰናበቱ ጥሩ ነው፤ ያለቀው አንድ ዓመት ግን አልተመለሰላቸውም።

ኤርፖርት ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ችግር የሚያመጡት የፍተሻ ቦታ፣ የኢሚግሬሽንና የጉምሩክ መስኮቶች፣ አውሮፕላን የሚቆምበት ሜዳ ናቸው። ብዙ ሰው የማያስተውለው ደግሞ አየር ኃይልና ሲቪል አውሮፕላን አንድ መንደርደሪያ የሚጋሩባቸው ኤርፖርቶች መኖራቸውን ነው። ከኤርፖርት ውጭም የጦር ካምፕ፣ እስር ቤት፣ ኤምባሲ፣ ግድብ፣ ድልድይ፣ የኃይል ማመንጫ አሉ። «ክልክል ነው የሚል ምልክት አላየሁም» የሚለው መከራከሪያ ቅጣት ያቀል ይሆናል እንጂ ሁልጊዜ አያድንም።

ካሳውን ለጊዜው ይርሱት። ክስ ቢያቀርቡ ሌላው ወገን መጀመሪያ የሚመዘው እርስዎ የፈረሙበትን ወረቀት ነው። ወረቀቱ ላይ ምን እንዳለ ደግሞ አልነገሩኝም። ያነበቡትም አልመሰለኝም።

አሁን ወደ ፎቶዎቹ። ልገምት፤ ከተሳሳትኩ ይቅርታ ይደረግልኝ። ጥበቃው ወደ እርስዎ ሲመጣ አዩት። ጣትዎ ስክሪኑ ላይ ሮጠ። አራቱን መረጡ፣ የቅርጫቷን ምልክት ነኩ፣ ስልኩን ኪስዎ ከተቱ። «ፎቶ አንስተሃል?» ሲባሉ «ዓይኔን ግንባር ያድርገው!» አሉ። ቃልዎም እንዲሁ ተጻፈ። ልክ ነኝ?

ከሆነ ብቻዎን አይደሉም። ደንበኞቼ ደጋግመው የሚወድቁባት ጉድጓድ ይህችው ናት። ፎቶውን ማንሳትዎ ብቻውን አብዛኛውን ጊዜ የሚያልቀው በ«አጥፋውና ሂድ» ወይም በገንዘብ ቅጣት ነው። ተይዘው ሊጠየቁ ሲሉ በራስዎ እጅ ማጥፋት ግን ማስረጃ ማጥፋት ሊባል ይችላል። አላነሳሁም ማለት ደግሞ ለባለሥልጣን ሐሰተኛ ቃል መስጠት ነው። በብዙ አገሮች ሁለቱም ለየራሳቸው ወንጀል ናቸው። ፎቶው ራሱ ያልተከለከለ ቢሆን እንኳ በእነዚህ ሊከሰሱ ይችላሉ። መርማሪም የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፦ «ንጹሕ ከሆነ ለምን አጠፋው?»

የሚያናድደው ደግሞ እነዚያ ፎቶዎች የእርስዎ ምስክሮች መሆናቸው ነው። እርስዎ ፈገግ ብለው፣ ከኋላዎ ሰልፉና የሰው ሻንጣ እየታየ። እንዲህ ያለ ፎቶ ያነሳን ሰው ሰላይ ነው ብሎ መክሰስ ይከብዳል። ምስክርዎን በገዛ እጅዎ አባረሩት።

በዚያ ላይ ፎቶው አልጠፋም። አይፎን ከሆነ እስከ 30 ቀን የተሰረዙት ማኅደር ውስጥ ይቀመጣል። ጉግል ፎቶስ ላይ ባክአፕ ተደርጎ ከሆነ 60 ቀን ይቆያል። «ለቤተሰብ ልልክ ብዬ» ብለዋል፤ ልከውት ከሆነስ? ቴሌግራም ላይ ሰዓቱ ሳይቀር ተመዝግቦ ተቀምጧል። ዛሬ ምንም አላገኙም ማለት ነገ አያገኙም ማለት አይደለም።

ባለሥልጣኑ ራሱ «አጥፋው» ብሎ አዝዞዎት በፊቱ ካጠፉት ሌላ ነገር ነው። ያኔ የሰውየውን ስምና ሰዓቱን መያዝ ብቻ ነው።

ማለት የነበረብዎት ይህን ነበር፦ «አዎ፣ አንስቻለሁ። ክልክል መሆኑን አላወቅኩም። ላሳይዎት?» በዚሁ ካላበቃና ወደ ምርመራ ከሄደ አስተርጓሚና ጠበቃ ይጠየቃል። በሌላ አገር ከታሰሩ ደግሞ ለቆንስላዎ እንዲነገርልዎት መጠየቅ ይችላሉ፤ እ.ኤ.አ. የ1963ቱ የቪየና የቆንስላ ግንኙነት ስምምነት አንቀጽ 36 ይህን መብት ይሰጣል። «ዝም እላለሁ» ማለት ግን የትም ይሠራል ብለው እንዳያስቡ። ብሪታንያ ውስጥ በፀረ ሽብር ሕጉ መሠረት ኤርፖርት ላይ ያለ አንዳች ጥርጣሬ አስቁመው እስከ 6 ሰዓት ለሚደርስ ጊዜ ሊጠይቁዎት ይችላሉ፤ አልመልስም ማለት ራሱ ወንጀል ነው። የአገሩን ስም ንገሩኝ ብዬ የምነዘንዘው ለዚህ ነው።

ዋናው ጥያቄዎ «በነገራችን ላይ» ብለው ጭራ ላይ ያስገቧት ነገር ነች። በዚያው ኤርፖርት ያልፋሉ። ያስፈረሙዎት ማስጠንቀቂያ ብቻ ከሆነ ምንም ላይፈጠር ይችላል። ቃልዎ ከሆነ፣ ቃልዎም ሐሰት ከሆነ፣ ዝም ብሎ መሄዱን አልመክርም።

ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ ስልኩን አይነካኩት። ፎቶዎቹን አይመልሱ፣ ማኅደሩንም አያጽዱ። ፎቶው የደረሳቸው ዘመዶችዎም እንዳያጠፉት፣ ለሌላም እንዳያስተላልፉት ይንገሯቸው። ታሪኩን ቲክቶክ ላይ እንዳያወሩት አደራ። የፈረሙበትን ወረቀት ቅጂ ይፈልጉ፤ ካልሰጡዎት አለመስጠታቸውን ይጻፉ። በምን ቋንቋ እንደተጻፈ፣ አስተርጓሚ እንደነበረ፣ ስንት ሰዓት ገብተው ስንት ሰዓት እንደወጡ፣ ስልኩን ሲወስዱ የመረከቢያ ደረሰኝ ሰጥተውዎት እንደነበር ሳይረሳ በወረቀት ያስፍሩ። ያመለጠዎትን በረራ ትኬትም አይጣሉ፤ ሰዓቱን የሚያስረዳልዎት እሱ ነው።

ይህን ሁሉ ይዘው በዚያ አገር ሕግ ለመሥራት ፈቃድ ያለው ጠበቃ ያነጋግሩ። እኔ ከዚህ ሆኜ የዚያን አገር ጠበቃ አልተካም። ቃልዎ መታረም ካለበት እንዴትና መቼ እንደሚታረም የሚወስነው እሱ ነው። በራስዎ ተነስተው ኤርፖርቱ መስኮት ላይ «ባለፈው የዋሸሁት እኔ ነኝ» እንዳይሉ። ጠበቃው ሲጠይቅዎትም ከአራቱ ፎቶዎች ይጀምሩለት። ቀኑ ከመድረሱ በፊት መልስ ካልሰጠዎት የመልስ ጉዞውን በሌላ ኤርፖርት ያዙሩት፤ የትኬት መቀየሪያው ከጠበቃ ክፍያ ይረክሳል።