የራስ ቅልን በጣት ማጥናት

ጥያቄ፦ የመጀመሪያ ዓመት የነርሲንግ ተማሪ ነኝ። ለክፍላችን ያለው አንድ የፕላስቲክ የራስ ቅል ብቻ ነው፤ ተራ ደርሶኝ የያዝኩት ሁለት ጊዜ ነው። ማታ የ22ቱን አጥንቶች ስም እሸመድዳለሁ፤ ጠዋት ሚኒባሱ ዓለም ገና ሳይደርስ ግማሹ ይጠፋብኛል። አንድ የክፍላችን ልጅ እውነተኛ የራስ ቅል የሚሸጥ ሰው አውቃለሁ ይላል። ከሦስት ጓደኞቼ ጋር አዋጥተን ብንገዛ ምን ይመስልዎታል?
ሀ.፣ ከሰበታ

መልስ፦ ልጄ፣ ከመጨረሻው ልጀምር። አትግዙ። ሻጩ ከየት እንዳመጣው የማይናገርለት አጽም አልቅሰው የቀበሩት የአንድ ቤተሰብ ሰው ነው። ነገ የሰው ሕይወት የሚሰጣችሁ ልጆች ትምህርታችሁን ከዚህ አትጀምሩ።

ደግሞም አያስፈልጋችሁም። ከሰበታ ስትመጪ የራስ ቅል ትከሻሽ ላይ ይዘሽ ነው የምትመጪው። ስሞቹ የሚጠፉብሽ ቦታ ስላልሰጠሻቸው ነው። ሚኒባሱ ውስጥ ሌባ ጣትሽን በሁለቱ ቅንድቦችሽ መካከል አድርጊ፤ ያ ግላቤላ ነው። ዝቅ ስትዪ አፍንጫሽ ከሚጀምርበት ጎድጓዳ ትደርሻለሽ፤ ናዚዮን ይባላል፤ የግንባር አጥንት ከሁለቱ የአፍንጫ አጥንቶች የሚገናኝበት ነው። አናትሽን አልፈሽ ወደ ማጅራትሽ ስትወርጂ የኦክሲፒታል አጥንት ጉብታ ይነካሻል። በአንዳንድ ሰው ላይ እምብዛም አይታወቅም፤ ካጣሽው የወንድምሽን ዳብሺ። ከጆሮሽ ጀርባ ያለው ጠንካራ ጉብታ ማስቶይድ ነው። ከጆሮሽ ፊት ተነስቶ ወደ ጉንጭሽ የሚሄደው የአጥንት ድልድይ ዛይጎማቲክ አርክ ነው፤ እርሱን በደንብ ያዢው፤ እንመለስበታለን።

ጎረቤት ሕፃን ካለ እናቱን አስፈቅደሽ እርግብግቢቱን በቀስታ ንኪ። እናቶቻችን ቅቤ የሚያኖሩበት ያ ለስላሳ ቦታ የግንባሩና አናትን ግራና ቀኝ የሚሸፍኑት የፓራይታል አጥንቶች ገና ያልገጠሙበት ነው። አብዛኛውን ጊዜ እስከ 18 ወር ገደማ ይደፈናል። በአንቺ ላይ ብሬግማ የሚባለው ነጥብ ይኸው ነው። ተቅማጥ የያዘው ሕፃን እርግብግቢቱ ሲጎደጉድ ሰውነቱ ፈሳሽ እያጣ መሆኑን ያመለክታል፤ ይህን ከፈተናው በኋላም አትርሺ።

አሁን ወደ ድልድዩ እንመለስ። ከመካከሉ 4 ሴንቲሜትር ያህል ከፍ በዪ፤ ከዓይንሽ ውጫዊ የአጥንት ጠርዝ ደግሞ 3 ሴንቲሜትር ገደማ ወደ ኋላ ሂጂ። የግንባር፣ የፓራይታል፣ በጆሮ ዙሪያ ያለው የቴምፖራልና ከዓይን ኋላ ያለው የስፊኖይድ አጥንቶች እዚህ ይገናኛሉ፤ ቴሪዮን ይባላል። አጥንቱ ስስ ነው፤ ከውስጥ በኩል ደግሞ ለአንጎል ሽፋን ደም የሚያደርስ የደም ቧንቧ ያልፋል። ከማስተማሬ በፊት በከተማዋ ዳር በአንድ ጤና ጣቢያ ስሠራ፣ ቤት ሲሠራ ጣውላ የመታው ወጣት በእግሩ መጣ። ቁስል የለውም፤ «ደህና ነኝ፣ ልሂድ» ይላል። አለቃዬ ግን ጣቷን እዚያ ቦታ ላይ አሳረፈችና «የትም አትሄድም» አለችው፤ ወዲያው ወደ ሆስፒታል አስላከችው። መንገድ ላይ እንቅልፍ እንቅልፍ ይለው ጀመር። ቧንቧው ተቀዶ በአጥንቱና በአንጎሉ ሽፋን መካከል ደም እየተጠራቀመ ነበር። ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ዳነ። እኔ ቴሪዮንን ያን ቀን ነው የተማርኩት፤ ለፈተና ግን ከዓመታት በፊት ሸምድጄው ነበር።

የፕላስቲኩ ቅል ተራ ሲደርስሽ በግንባሩ ጊዜ አታጥፊ፤ ግንባር አለሽ። ገልብጪውና ሥሩን እዪ። ከትልቁ ቀዳዳ ከፎራሜን ማግነም ወደ ፊትና ወደ ጎን ስትሄጂ፣ ፎራሜን ኦቫሌ ከሚባለው ሞላላ ቀዳዳ ኋላ አንድ ጠባብ ቀዳዳ አለ፤ ፎራሜን ስፓይኖሰም። ቀጭን ክር አሳልፊበት፤ ክዳኑን ከፍተሽም ክሩን በውስጠኛው ግድግዳ ቦይ ላይ አስኪጂው። ወደ ቴሪዮን ያደርስሻል፤ ያ የደም ቧንቧ የሚሄደው በዚህ መንገድ ነውና። ስፊኖይድን ለማወቅ ከዚህ የተሻለ ዘዴ አላገኘሁም። ክንፉን ዘርግቶ ከሌሎቹ ሰባት የአንጎል መያዣ አጥንቶች ጋር ሁሉ የሚገናኝ አጥንት ነው፤ እርሱ ከገባሽ የቀሩት በዙሪያው ይሰደራሉ።

በዓል ሲመጣ የተቀቀለውን የበግ ጭንቅላት አጥንት ሳይጣል ተመልከቺው። ትልቁ ቀዳዳ ያለው በኋላ በኩል ነው፤ የእኛ ግን ቀጥ ብለን ስለምንቆም ከሥር ነው። የታችኛው መንጋጋም ፊት ለፊት ለሁለት ይከፈልልሻል፤ የሰው ግን በሕፃንነቱ ገጥሞ አንድ አጥንት ይሆናል።

ልታዋጡት ያሰባችሁትን ገንዘብ ክዳኑ የሚከፈት የፕላስቲክ ቅል ግዙበት፤ አራታችሁ በየሳምንቱ እየተቀባበላችሁ ውሰዱት። ሲገዙ የሥሩ ቀዳዳዎች በእርግጥ የተበሱ መሆናቸውን እዩ፤ በቀለም ብቻ ምልክት የተደረገበት ከሆነ ክሩ አያልፍም።