ከፊቱ በፊት አቋሙ

ትንንሽ የሰው ምስሎችን መቅረጽ ለሚለማመዱ አንባብያን ጥያቄዎች የተሰጠ መልስ

ጥያቄ፦ ውድ አዘጋጅ፣ በትርፍ ጊዜዬ ከፖሊመር ክሌይ (በምድጃ ሙቀት ከሚጠነክር ሰው ሠራሽ ጭቃ) 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ቁመት ያላቸውን የሰው ምስሎች መቅረጽ ከጀመርኩ ሰንብቻለሁ። ብዙውን ጊዜዬን የማጠፋው ፊቱ ላይ ነው፤ ሆኖም ሥራው ሲያልቅ ምስሉ አሻንጉሊት እንጂ ሰው አይመስልም። ልብሱን ሳለብሰው ደግሞ ጣቴ ፊቱን ይደፈጥጠዋል፤ እግሮቹ ይጎብጣሉ፤ ከምድጃ ከወጣ በኋላም ጣቶቹ ይሰበራሉ። ፊት የመቅረጽ ችሎታዬን እንዴት ላሻሽል?

መልስ፦ የጠየቁት ስለ ፊት ቢሆንም፣ ከዘረዘሯቸው ችግሮች መካከል ከፊት አቀራረጽ የሚመነጨው ጥቂቱ ብቻ ነው። ይህን የሚያህል ምስል በክንድ ርቀት ያስቀመጠ ተመልካች መጀመሪያ የሚለየው ዐይኑንና አፉን ሳይሆን የአካሉን መጠንና አቋቋሙን ነው። ሁለቱ ከተስተካከሉ፣ ዐይኑ ገና ሁለት ጉድጓድ የሆነ ምስል እንኳ ሰው ይመስላል፤ ካልተስተካከሉ ግን ያማረ ፊት አያድነውም።

ስለዚህ ክሌዩን ከመንካትዎ በፊት ምስሉን ከፊትና ከጎን፣ በሚሠራበት ትክክለኛ መጠን፣ ወረቀት ላይ ይንደፉት። የአዋቂ ሰው ቁመት በአማካይ የራስ ቅሉን ርዝመት ሰባት ተኩል ጊዜ ያህል ስለሚሆን፣ በእርስዎ ምስል ላይ ከአናት እስከ አገጭ የሚደርሰው 13 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። የቁመቱ እኩሌታ የሚያርፈው ብዙዎች እንደሚገምቱት እምብርት ላይ ሳይሆን ብሽሽት አካባቢ ነው፤ እጅ ከአንጓው እስከ ጣቱ ጫፍ 1 ሴንቲ ሜትር፣ እግር ከተረከዝ እስከ አውራ ጣት 1.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሆናል፤ ክንድ ሲንጠለጠልም የጣቶቹ ጫፍ የጭኑ መካከል ይደርሳል። ጀማሪ ፊቱን በዝርዝር ለመሥራት ስለሚጓጓ ሳያውቀው ራሱን ያተልቃል፤ 2 ሚሊ ሜትር ብቻ ቢጨምር ቁመቱ ከሰባት ራስ በታች ይወርድና ምስሉ የልጅ መልክ ይይዛል። እርስዎ አሻንጉሊት ያሉት ከዚህ የመጣ ይመስለኛል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው መቶ ዓመት የነበረው የግሪክ ቀራጺ ሊሲፖስ በተቃራኒው ራሱን እያሳነሰና ሰውነቱን እያቀጠነ ሐውልቶቹ ረጃጅም እንዲመስሉ ያደርግ ነበር፤ ከሁለቱ አቅጣጫዎች ወደ አንዱ መሳሳት ግድ ከሆነ፣ ወደ እርሱ ማዘንበሉ ይሻላል።

ንድፉ ሲያልቅ የምስሉ የውስጥ አጽም የሚሆን 1 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ሽቦ በላዩ እያስተኙ በፒንሳ ያጥፉት። የእግሮቹ ሽቦ ከተረከዙ በታች 2 ወይም 3 ሴንቲ ሜትር ተርፎ እንጨት ወይም ቡሽ ውስጥ ይተከል፤ እግር የሚጎብጠው በአብዛኛው ሽቦው ስለሳሳ ወይም ሳይተከል ስለቀረ ነው። ክሌዩ እንዳይሽከረከር ቀጭን ሽቦ ይጠምጥሙበት።

ሽቦው ባዶውን ሳለ አቋቋሙን ይወስኑ፤ ኋላ ማስተካከል አይቻልምና። ሰው ክብደቱን በአንድ እግሩ ላይ ሲጥል በዚያ በኩል ያለው ዳሌ ከፍ፣ ትከሻው ደግሞ ዝቅ ይላል፤ በአንገቱ ሥር ያለው ጉድጓድም ክብደቱን ከተሸከመው እግር ቁርጭምጭሚት ትይዩ ይውላል። የዳሌውና የትከሻው መስመር ሁለቱም አግድም ሆነው ከቀሩ፣ ምስሉ ቆሟል ከማለት ተተክሏል ማለት ይቀላል።

ከዚህ በኋላ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ለመጨረስ አይሞክሩ። ፖሊመር ክሌይ ደጋግሞ ምድጃ ቢገባ አይጎዳም፤ ስለሆነም በመጀመሪያ ቀጭን የውስጥ አካል ሠርተው ያብስሉ፤ በጠነከረው ላይ ጡንቻውን፣ ቀጥሎ ራሱን፣ በመጨረሻም ልብሱን እየጨመሩ በየደረጃው ያብስሉ። ፊቱ አስቀድሞ ከጠነከረ ልብስ ሲያለብሱ ጣትዎ የሚደፈጥጠው ነገር አይኖርም። የብዙዎቹ ክሌዮች ሙቀት 130 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ቢሆንም እንደ ዓይነቱ ስለሚለያይ በማሸጊያው ላይ የተጻፈውን ይከተሉ፤ የምድጃው መቆጣጠሪያ የሚያሳየው ቁጥር ብዙ ጊዜ ስለማይታመንም ውስጥ የሚቀመጥ ቴርሞሜትር ይጠቀሙ። በቂ ሙቀት ወይም በቂ ጊዜ ያላገኘ ክሌይ ሲነኩት ጠንካራ ቢመስልም ተሰባሪ ነው፤ ከልክ በላይ የሞቀ ደግሞ ጎጂ ጭስ ያወጣል። የጣቶቹ መሰበር አንዱ ምክንያት አለመብሰል ሊሆን ይችላል፤ ሌላው ጣቶቹን አንድ በአንድ ለያይቶ መዘርጋት ነው። መዳፉን እንደ አንድ ጠፍጣፋ ነገር ሠርተው ጣቶቹን በመርፌ መስመር ብቻ ይለዩአቸው፣ ወይም እጁ በትር እንዲጨብጥ ያድርጉ፤ የግድ መዘርጋት ካለባቸው ለእያንዳንዱ ጣት ቀጭን ሽቦ ያስፈልጋል።

ስለ ፊቱ የምጨምረው ጥቂት ነው። ዐይን የሚቀመጠው በራስ ቅሉ ቁመት እኩሌታ ላይ ነው፤ ጀማሪዎች ግን ወደ ግንባሩ ከፍ ያደርጉታል። የዐይኑን ጉድጓድ አስቀድመው በደንብ ያስገቡ፤ ቅንድቡ የሚጥለው ጥላ ከቅንድቡ ፀጉር ይልቅ ለፊቱ ሕይወት ይሰጠዋል። ሲሠሩ መብራቱ ከአንድ ጎን ይምጣ፤ አልፎ አልፎም ምስሉን በመስታወት ይመልከቱት፤ ዐይንዎ የለመደው መጣመም ያን ጊዜ ይገለጣል።

ጥያቄ፦ ከፖሊመር ክሌይና ከኢፖክሲ ፑቲ (ሁለት ክፍሎቹ ሲደባለቁ ያለ ምድጃ ከሚጠነክር ሊጥ መሰል ነገር) የትኛውን ልምረጥ?

መልስ፦ ምስሉ ከ5 ሴንቲ ሜትር በላይ ከሆነና ሳይቸኩሉ መሥራት ከፈለጉ ክሌዩ ይሻላል፤ እስኪበስል ድረስ አይደርቅምና። ምስሉ 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ሲሆን ግን ቀጫጭን ክፍሎቹ በቀላሉ የማይሰበሩት ኢፖክሲ ተመራጭ ነው። ሰማያዊና ቢጫ ሆኖ የሚሸጠውና ሲደባለቅ አረንጓዴ የሚሆነው ዓይነት ለአንድ ሰዓት ያህል ይታዘዛል፤ ሙሉ በሙሉ የሚጠነክረው በአንድ ቀን ገደማ ነው። ቢጫው ከበዛ ይለሰልሳል፤ ሰማያዊው ከበዛ ጠንከር ይላል። ሁለቱ ቀለሞች ጎን ለጎን ተጣብቀው የሚሸጡ ከሆነ የተነካኩበትን ጠባብ መስመር ቆርጠው ይጣሉት፤ አስቀድሞ የጠነከረ ፍርፋሪ አለበት። መሣሪያው እንዳይጣበቅ በውኃ ወይም በጥቂት ቫዝሊን ያርጥቡት፤ አዲስ ሽፋን ከመደረቡ በፊት ግን ቫዝሊኑ ታጥቦ መነሣት አለበት። ያልጠነከረ ኢፖክሲ በተደጋጋሚ ቆዳን ሲነካ አለርጂ ሊያስከትል ስለሚችል ጓንት ያድርጉ፤ የጠነከረውን በብርጭቆ ወረቀት ሲፍቁም አፍንጫዎን ይሸፍኑ።

ጥያቄ፦ ሥዕል መሣል አልችልም፤ ቅርጻ ቅርጽ መማር እችላለሁ?

መልስ፦ ይችላሉ። የሚያስፈልገው ንድፍ ልኬት የተጻፈበት የመስመር ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ቢከብድዎት ሙሉ ቁመናው የሚታይበትን የቆመ ሰው ፎቶግራፍ በሚፈልጉት መጠን አትመው ሽቦውን በላዩ ያጥፉ። ፎቶግራፉ ከቅርብ የተነሣ ከሆነ ለካሜራው የቀረበው የአካል ክፍል ስለሚገን፣ ከራቅ ብሎ የተነሣውን ይምረጡ።