ሐረጎ እንዴት ይወረዳል?

ልጆቼ፣

ባለፈው ሰሞን የጎረቤቴ ልጅ አዲስ መንጃ ፈቃዱን ይዞ ቤት መጣ። ቡና ላይ ነበርን፤ አቦሉ ገና አልወረደም። ፈቃዱን ገልብጦም አገላብጦም ካሳየኝ በኋላ «ጋሼ፣ ሞተር ልገዛ ነው። ቦክሰር ይሻለኛል አፓቼ? የትኛው ነው ሐረጎን ሳያቃስት የሚወጣው?» አለኝ፤ ሐረጎ ማለት ደሴንና ኮምቦልቻን የሚያገናኘው ጠመዝማዛ ዳገት ነው። ይህን ጥያቄ ዘንድሮ ስሰማው አራተኛዬ ነው። አንደኛው የእህቴ ልጅ ነበር፤ ሁለቱ ደግሞ ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ የሚሠሩ ልጆች። ሁላችሁም የምትጠይቁኝ ስለ መውጣት ነው። እስካሁን ስለ መውረድ የጠየቀኝ የለም። ለእሱ የነገርኩትን ለሌሎቻችሁም እዚህ ልጻፈው።

መካኒክ አይደለሁም፤ ጡረታ የወጣሁ የእንስሳት ሐኪም ነኝ። ግን ሃያ ስምንት ዓመት የሠራሁት በሞተር ሳይክል እየዞርኩ ነው፤ ኩታበር፣ ተሁለደሬ፣ ቃሉ፣ ደሴ ዙሪያ። ከታከሙልኝ በሬዎች ይልቅ ሞተሬን ነው ብዙ ሰዓት ያየሁት።

ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ። መንገዱ ወደ 25 ኪሎ ሜትር ነው። አየራችን ስስ ስለሆነ ማንኛውም የቤንዚን ሞተር ደሴ ላይ ሲደርስ በባሕር ጠረፍ ከሚሰጠው ጉልበት ከአምስት አንድ እጁን፣ እንዲያውም ከዚያ በላይ ያጣል። ወረቀቱ ላይ 12 የፈረስ ጉልበት የተጻፈለት ቦክሰር 150 እኛ ዘንድ ዘጠኝ ገደማ ቢሰጥ ነው። ኮምቦልቻ ላይ ካርቡራተሩ ተስተካክሎ እንደ ንብ የሚዘምር ሞተር ደሴ፣ ጦሳ ተራራ ሥር ሲደርስ ቤንዚን ይበዛበትና ያጉረመርማል፤ ካንዴላውም ይጠቁራል። ይህ በሽታ አይደለም፤ አንዳንድ ሻጭ ግን እውነተኛውን በሽታ በዚህ ያሳብባል። ለማንኛውም አዝግሞም ቢሆን ይወጣል፤ የዘገየ ሰው የሚያጣው ደቂቃ ነው። ከፍታው የሚቀንሰው ጉልበትን ብቻ ነው፤ ቁልቁለቱ ግን ደሴም ላይ ኮምቦልቻም ላይ በሙሉ አቅሙ ይጎትታችኋል።

በ1986 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ ሥራ ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ሆኖኝ ነበር። የምነዳው ያማሃ ዲቲ 125 ነው፤ ባለ ሁለት ምት፣ ፊቱም ኋላውም ከጎማው መሃል ባለ ከበሮ ውስጥ በሚገፋ የፍሬን ሸራ የሚያዝ። ከኋላዬ የአባ ሰንጋ ክትባት በበረዶ የያዘ ሳጥን በጎማ ገመድ ታስሯል። ያኔ ቤንዚን ለመቆጠብ ቁልቁለቱን በፎሌ፣ ማለትም ማርሽ አውጥቼ፣ መውረድ ለምጄ ነበር፤ ጓደኞቼም እንደዚያው፤ ማን ብዙ ኪሎ ሜትር በነፃ እንደ ወረደ እንፎካከርበት ነበር። ያን ቀን ጉሙ መንገዱ ላይ ተኝቷል። ጥቂት ኩርባ እንዳለፍኩ የተቃጠለ ሸራ ሸተተኝ። ሐረጎን የሚያውቅ ሰው ይህን ሽታ ያውቀዋል፤ የጭነት መኪኖች ነው የሚሸቱት። ከፊቴ አንዱ አለ ብዬ ተጠነቀቅሁ። ለካ የሚሸተው የራሴ ነው። መኪናውም አልቀረም፤ ጀርባው ከጉሙ ውስጥ ብቅ ሲል ፍሬኑን በእጄም በእግሬም ጨበጥኩ፣ ረገጥኩ፤ ሞተሩ ግን የሰማኝ አይመስልም። በግራ ገደል፣ በቀኝ ቦይ። ወደ ቦዩ ገባሁ።

የትከሻዬ አጥንት ተሰበረ። ከቦዩ ስቦ ያወጣኝ ገበሬ መጀመሪያ የጠየቀኝ «መርፌው ተረፈ ወይ?» ብሎ ነው። ሁለት ብልቃጥ ተርፎ ነበር። ትከሻዬን ወጌሻ አሰረልኝ፤ ዛሬም ዝናብ ሊመጣ ሲል ቀድሞ የሚነግረኝ እሱ ነው።

ያን ጊዜ ያልገባኝ ነገር ቀላል ነበር። ማርሽ ውስጥ ያለ ሞተር ነዳጅ መስጠት ስታቆሙ ጎማውን መልሶ ይይዛል። ፎሌ ካደረጋችሁት ግን የብረቱም የእናንተም የጭነታችሁም ክብደት ሁለት ጣት በማይሞላ ሸራ ላይ ይወድቃል፤ ሸራው ደግሞ ሲግል መያዙን ይተዋል። በሦስተኛ የሚወጣን ዳገት በሦስተኛ ውረዱት፤ በሁለተኛ ከሆነ በሁለተኛ። ባለ ሁለት ምት ሞተር ላይ ይህም ቢሆን ብዙ አይረዳም፤ የመያዝ አቅሙ ትንሽ ነው። ዘይቱም ከቤንዚኑ ጋር አብሮ ስለሚገባ ነዳጁን ዘግታችሁ ረጅም ቁልቁለት ስትወርዱ ፒስተኑ ይደርቃል። አጎት ወይም መሥሪያ ቤት አሮጌ ዲቲ ሊሰጣችሁ ቢል ሜዳ ላይ እንጂ ለሐረጎ አትመኑት። እኔ እወደዋለሁ፤ ድምፁን በሕልሜ እሰማዋለሁ፤ ግን አትመኑት።

እንግዲህ ለመጀመሪያ ሞተር ከ100 እስከ 150 ሲሲ፣ ባለ አራት ምት፣ ከተገኘ ፊቱ ዲስክ ፍሬን የሆነ። ቦክሰርም ይሁን ቲቪኤስ (አፓቼን የሚሠራው) በዚህ ላይ አልጨቃጨቅም፤ የሁለቱም መለዋወጫ ደሴም ኮምቦልቻም አለ፣ ቀበሌ ውስጥ ያለ ልጅ ሁሉ ፈትቶ ይገጥማቸዋል። ብርቅ ሞተር የገዛ ሰው ግን አንዲት ጓርኒሲዮን (ዘይት እንዳያፈስ በብረቶቹ መሃል የምትገባ ስስ ንጣፍ) ከአዲስ አበባ እስክትመጣ በእግሩ ይሄዳል። ሁለት መቶ ሲሲውን አፓቼ ለሁለተኛችሁ አቆዩት። በ40 ኪሎ ሜትር ፍጥነት በአንድ ሰከንድ 11 ሜትር ትሄዳላችሁ፣ በ60 ደግሞ 17። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ፍሬን ከያዛችሁ በኋላ ለመቆም የሚፈጀው መንገድ አራት እጥፍ ነው። የሐረጎ ጉም ደግሞ አንዳንድ ቀን ከአሥራ አምስት ሜትር በላይ አያሳይም። ሒሳቡን እናንተው ሥሩት።

ቁመት ሌላ ነገር ነው፤ ወንዶች ስለዚህ ማውራት ያፍራሉ። ዳገት መሃል ከባጃጅ ኋላ ስትቆሙ ቀኝ እግር ፍሬኑ ላይ ነው፤ ሞተሩን የሚሸከመው ግራ እግር ብቻ ነው። ያ እግር ሙሉ ጫማውን መሬት ካልነካ መቶ ሃያ ኪሎ ብረት ወደ አንድ ጎን ማዘንበል ይጀምራል፤ ከጀመረ ማንም አይመልሰውም። ገጠር የተመደበች አንዲት አጠር ያለች ነርስ ረጅም የመስክ ሞተር ደርሷት በሳምንት ሦስቴ ስትወድቅ አይቻለሁ። መንዳት ስላቃታት አልነበረም፤ ዝቅተኛ ሞተር ሲሰጣት መውደቁ በዚያው ቆመ። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት ተቀመጡበት፤ የምትለብሱትን ጫማ አድርጋችሁ፣ ሜዳ ላይ ሳይሆን ዳገት ላይ። ደሴ ውስጥ ዳገት ፍለጋ ሩቅ አትሄዱም።

አብዛኞቻችሁ ያገለገለ ነው የምትገዙት። እዚህ ላይ ሙያዬ ይጠቅመኛል፤ ሞተር የሚሸጥ ደላላና በቅሎ የሚሸጥ ነጋዴ አንድ ትምህርት ቤት የተማሩ ናቸው። አንካሳ በቅሎ የሚሸጥ ሰው ገዢ ከመምጣቱ በፊት ዞር ዞር አድርጎ ያሞቃታል፤ ሲሞቅ ማንከሷ ይደበቃል። ሞተርም እንዲሁ ነው። ቤቱ ስትደርሱ መጀመሪያ ዋጋ አትጠይቁ፤ የእጃችሁን ጀርባ ወደ ሞተሩ አስጠጉት። ከሞቀ «ነገ እመለሳለሁ» በሉና ሂዱ፤ ነገም ካሞቀው አትመለሱ። ቀዝቃዛው በአንድ ሁለት ፔዳል ይነሳል ወይ? ሰማያዊ ጭስ ከማርሚታው ከወጣ ዘይት እየበላ ነው፤ ብዙ ጊዜ የፒስተኑ ፋሻ (ቀለበቱ) አልቋል። ጥቁር ከሆነ ቤንዚን በዝቶበታል፤ እሱ ደሴ ላይ ይቅር የሚባል ነው። ከዚያ ሰው ፊቱን አንስቶ ይያዝላችሁና መሪውን በዝግታ ከጥግ እስከ ጥግ አዙሩት። መሃል ላይ ጎድጎድ ያለ ነገር ከያዘው ኩሽኔታው ተበልቷል፤ ብዙ ጊዜ ደግሞ ሞተሩ የሆነ ቦታ በግንባሩ ወድቋል። የቸርኬውን ሽቦዎች በቁልፍ ነካ ነካ አድርጉ፤ የላላው ዱብ ይላል፣ የጠበቀው ይጮኻል። በመጨረሻም ሊብሬው ላይ ያለውን የሞተርና የሻንሲ ቁጥር ብረቱ ላይ ካለው ጋር አንድ በአንድ አመሳክሩ። ሻጩ «ወንድሜ ነው፣ ቁጥሩን ምን ያደርግልሃል» ካለ ወንድሙን ያክብርለት፤ እናንተ ግን ተነሡ።

ጎማውን ጥርሱን ብቻ አይታችሁ አትለፉ። ጎኑ ላይ አራት አኃዝ በትንሽ ሞላላ ሳጥን ተጽፏል፤ 1218 ካለ በፈረንጆች 2018 በአሥራ ሁለተኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ያረጀ ጎማ ጥርሱ ሙሉ ሆኖ እንደ ቀንድ ይደርቃል፤ ደረቁ ጎማ በእርጥብ ኮብልስቶን ላይ ሳሙና ነው። ስለ እርጥብ ካነሳን ኩርባ ላይ የከባድ መኪና ናፍጣ ይፈስሳል፤ ከመጀመሪያው ዝናብ በኋላ ቀስተ ደመና መስሎ ያብረቀርቃል። ቆንጆ ነው፤ በላዩ ላይ ፍሬን አትያዙ።

ካላችሁ ገንዘብ የሄልሜቱን ቀድማችሁ ለይታችሁ አስቀምጡ። ጉንጭን ጨበጥ አድርጎ የሚይዝ፣ አገጭን የሚሸፍን፣ ከማሰሪያው ወይም ከውስጡ ላይ የደኅንነት ፈተና ማለፉን የሚያሳይ፣ በክብ ውስጥ የላቲን ኢ (E) ፊደል ያለበት ይሁን። ያገለገለ ሄልሜት አይገዛም፤ አንዴ ከወደቀ ውስጡ ያለው ፎም ሥራውን ጨርሷል፣ ከውጭ ግን አይታይም። ክንድ ላይ አንጠልጥሎ መንዳት ሆጤ አካባቢ ፋሽን ሆኗል፤ እኔ ክርንን ለማዳን ይሆናል እያልኩ ነው የማልፈው።

ስለ ኤሌክትሪኩ የጠየቃችሁኝ አላችሁ። አልነዳሁትም። ብቻ ሻጩ በአንድ ቻርጅ ይሄዳል ያለው ኪሎ ሜትር የሜዳ መሆኑን አትርሱ፤ ከኮምቦልቻ ደሴ ሲወጣ ባትሪው ስንት እንደቀረ ሌላ ሰው ሞተር ላይ ለክታችሁ ግዙ።

የጎረቤቴ ልጅ በመጨረሻ ያገለገለ ቦክሰር 150 ገዛ። የመጀመሪያው ሻጭ ሞተሩን አሙቆ ነበር የጠበቀው፤ ሁለተኛው አላሞቀም። ቅዳሜ ጠዋት በሬ ላይ ጥሩምባ ነፍቶ «ጋሼ፣ ከኋላ ይቀመጡና አብረን ኮምቦልቻ እንውረድ» አለኝ። ስድስት ወር ሳይሞላህ ሰው አትጭንም አልኩት። እኔ በሚኒባስ ወርጄ መናኸሪያው አጠገብ ሻይ ይዤ ጠበቅሁት። ሻዬ ሳይሆን ሁለተኛው ሻዬ ሊያልቅ ሲል መጣ፤ ፊቱን ብርድ ገርፎታል፣ ስለ ኩርባዎቹ ሊያወራኝ ቸኩሏል። ሳይወርድ ጎንበስ ብዬ፣ የጥጃ ትኩሳት ሲለካ ጆሮ እንደሚዳሰሰው፣ የኋላውን ጎማ ፍሬን በእጄ ጀርባ ነካሁት። ለብ ብሏል።