የወተት ጠርሙስ አጠባብ፦ እትዬን ጠይቁ

ዕድሜዬ ያለቀው ወተት ማሰባሰቢያ ጣቢያ፣ ጥራት ስቆጣጠር ነው። ስለ ጠርሙስ ጠይቁኝ። ስለ ላም ግን አትጠይቁኝ።

ሰላም፦ እትዬ፣ በፈላ ውሃ አጥቤውም ጠርሙሴ ነጭ ጭጋግ አለው። ሽታውም አልለቅ አለ።

እትዬ፦ በፈላ ውሃ ስለጀመርሽ ነዋ! እንቁላል መጥበሻ ላይ ሲይዝ አይተሽ የለ? የወተት ፕሮቲንም ሙቀት ሲነካው እንደዚያው ይጣበቃል። መጀመሪያ ቀዝቃዛ ውሃ። ወተቱ እንዳለቀ፣ ሳይደርቅ አለቅልቂው። ከዚያ ሙቅ ውሃ በሳሙና፣ በረጅም ብሩሽ። አንገቱ ሥር ጠበቅ አድርገሽ እሺው። ደፍተሽ አድርቂው እንጂ በፎጣ አትወልውዪው፤ ፎጣሽ ከጠርሙሱ የባሰ ነው። ነጩ ነገር የካልሲየም ዝቃጭ ነው፤ ሳሙና አይበግረውም። ኮምጣጤ በሙቅ ውሃ በጥብጠሽ ግማሽ ሰዓት ዘፍዝፊው።

አቤል፦ በረኪናስ?

እትዬ፦ በደንብ ቀጥኖ፣ ከታጠበ በኋላ። ከኮምጣጤ ጋር ግን እንዳታገናኘው! የሚወጣው ክሎሪን ነው፤ ሳንባ ያቃጥላል።

ጽጌ፦ እናቴ በወይራ ታጥን ነበር። ጠርሙሱን ባጥነውስ?

አቤል፦ እጠኚው! ጭስ ጀርም ይገድላል።

ሰላም፦ ጥቀርሻ ልትጠጣ?

አቤል፦ የታጠነ እርጎ ቀምሰሽ አታውቂማ።

እትዬ፦ ኧረ ተዉ! ቅልና ጠርሙስ አንድ አይደሉም። ቅል ጭሱን ይመጥጣል፤ ወተቱ ቶሎ እንዳይኮመጥጥም ያግዛል። ጠርሙስ ምንም አይመጥጥም። ፍም ሲነካው ደግሞ ይሰነጠቃል። ቅል ያለው ይጠን፣ እኔም አጥናለሁ።

ሙሉ፦ የቱ ጠርሙስ ጥሩ ነው?

እትዬ፦ ለምን? ለሕፃን? ለሽያጭ? አሟልተሽ ጠይቂ።

ሙሉ፦ ለቤት። የአረቄ ጠርሙስ አለኝ።

እትዬ፦ ብሩሽ ካልገባበት የወተት ጠርሙስ አይሆንም። አፉ የተሸረፈውን ጣዪው። ላምባ ወይም የተባይ መድኃኒት የነካውንማ ማጠቡንም አትሞክሪ።

ዳዊት፦ የፈላ ውሃ ስጨምርበት ፈነዳብኝ።

እትዬ፦ ብርድ ላይ ነበራ። ድስት ታች ጨርቅ አንጥፍ፣ ጠርሙሱን በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ጣደውና አብሮ ይፍላ። ከፈላ በኋላ 10 ደቂቃ ይበቃል።

ጽጌ፦ ጠርሙሱ ንጹሕ ከሆነ ጥሬ ወተት ሳይፈላ ቢጠጣስ?

እትዬ፦ ስለ ላም አትጠይቁኝ ብዬ ነበር። ብሩሴላ የሚባለው ጀርምና የላም ቲቢ ከላሟ ነው የሚመጡት። አፍሊው።

ነጋ፦ እትዬ፣ በፈላ ውሃ ብጀምር ምን አለበት?

እትዬ፦ ከላይ አንብብ! ቀዝቃዛ!

ነጋ፦ እሺ አነበብኩ። ክዳኑስ?

እትዬ፦ ይኸውልህ፣ ጥያቄ ማለት ይሄ ነው። ውስጡ ያለውን ጎማ ነቅለህ ለብቻው እጠበው። ሰላም፣ አንቺም የራስሽን እዪው፤ ሽታው እዚያ ተሸሽጎ ይሆናል።